ማስፈራሪያውም መዝገብ ውስጥ ይግባ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ጾታዊ ጥቃት የሚወጡ ዘገባዎች የሚበዙት ሁለት ጊዜ ነው፤ ወንጀሉ የተሰማ ሰሞንና ፍርድ የተሰጠ ዕለት። በመካከሉ ስላሉት ወራት፣ አንዳንዴም ስለ ዓመታቱ፣ የሚጽፍ የለም ማለት ይቻላል። መዝገቦች የሚሞቱት ግን እዚያ መካከል ላይ ነው። ተበዳይዋ ለፖሊስ የሰጠችውን ቃል ትቀይራለች፣ መጥሪያ ሲላክላት ከአድራሻዋ ትጠፋለች፣ ወይም ችሎት ፊት ቆማ «አላስታውስም» ትላለች። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሐሳቧን የለወጠች ይመስላል። እኛ ከጥቃት ለተረፉ ሴቶችና ሕጻናት የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ የምንሰጥ ባለሙያዎች ነን። ከዚያ «ሐሳብ መለወጥ» በስተጀርባ አብዛኛውን ጊዜ ማስፈራራት እንዳለ እናውቃለን፤ ይህን ደብዳቤ የምንጽፈውም ስለዚሁ ነው።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ባሕር ዳር ውስጥ የሰባት ዓመት ልጇን በአሰቃቂ ሁኔታ የተነጠቀች እናት ድምጿን ስታሰማ አገር ተነቃነቀ። አብዛኛው ሰው የያዘው በወንጀለኛው ላይ የተፈረደውን 25 ዓመት ነው፤ አነሰ ተብሎም ብዙ ተጮኸ። እናቲቱ ግን ከፍርዱ ጋር ሌላ ነገርም ተናግራ ነበር፤ ለራሷ ሕይወት መስጋቷን፣ መኖሪያዋን እስከ መቀየር መድረሷን። ይህኛው ክፍል እንደ ሐዘኗ ተቀጥላ ተሰምቶ ታለፈ። ከንፈር ከተመጠጠለት በኋላ ማን መዘገበው? የትኛው መርማሪ ቃሏን ተቀበለ? ይህን የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ተበዳይዋን ማስፈራራት የመጀመሪያው ወንጀል ተከታይ ክፍል እንጂ ሌላ ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ ቀኑና ሰዓቱ ተጽፎ፣ ማስረጃው ተያይዞ፣ በዋናው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት። አሁን የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ሴትዮዋ ወንድሙ ደወለብኝ፣ ጓደኛው መንገድ ላይ ጠብቆ ዛተብኝ ብላ ጣቢያ ስትሄድ «ይሄ ሌላ ክስ ነው፣ ለብቻው አመልክቺ» ትባላለች፤ ወይም «እስካሁን ምን አደረገሽ?» ትባላለች። ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ሁለተኛ አትሄድም።

ማስፈራራት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጨለማ ውስጥ ስለት ይዞ የቆመ ሰው ነው። በተግባር የመጀመሪያው ማስፈራሪያ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚመጣው። ሦስት ወይም አራት ሽማግሌዎች ይሆናሉ፤ አንዱ የቤተሰቡ ንስሐ አባት ወይም የዕድሩ ዳኛ ነው። ቡና ይፈላል። «ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። የሱም ልጆች ይበተናሉ፣ ያንቺም ስም ይጠፋል፣ ገመናሽን አደባባይ አታውጪ» ይባላል። ሽማግሌዎቹ ክፉ ሰዎች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ብዙዎቹ ለእሷ የሚበጃትን ያደረጉ ነው የሚመስላቸው። የላካቸው ሰው ግን ምን እንደሚፈልግ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ጊዜ ይፈልጋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመና «ሦስት ቀን ታገሺን» የሚል ነው። ሦስት ቀን 72 ሰዓት ነው። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በእነዚያው 72 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል፣ ከዚያም ሳይቋረጥ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያውም ከአምስት ቀን አያልፍም። ከአካልና ከልብስ ላይ የሚሰበሰበው ማስረጃ በእያንዳንዱ ሰዓት ይሳሳል፣ ገላ መታጠብና ልብስ ማጠብ ደግሞ ይጨርሰዋል። ሽማግሌ ለመስማት የሚፈልግ ቤተሰብ ይስማ፤ ነገር ግን ሕክምናው ይቅደም። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ የአንድ ማዕከል አገልግሎቶች ሐኪሙም፣ የሥነ ልቦና ባለሙያውም፣ ፖሊሱም፣ ዐቃቤ ሕጉም በአንድ ቦታ ስለሚገኙ ታሪኩን በየቢሮው መደጋገም አያስፈልግም። ልብሱ ሳይታጠብ በወረቀት ከረጢት ይያዝ። ፌስታል እርጥበት ስለሚያፍን ማስረጃውን ያበላሸዋል።

ሁለተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። አጭር ናት። ከላይ ቀን፣ ከታች የሦስት ምስክሮች ፊርማ፣ መሐል ላይ «የከሰስኩት በስሜት ተነሣሥቼ ስለሆነ በሽማግሌ ፊት ታርቄአለሁ፣ ከእንግዲህ ክርክር የለኝም» የምትል ሁለት መስመር። ስትፈርም የሚነገራት «ለሽምግልናው ማስታወሻ ብቻ ነው» ተብሎ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅጂ አይሰጣትም።

ይህች ወረቀት መዝገቡን አትዘጋም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 የተደነገገው አስገድዶ መድፈር፣ በ626 እና በ627 የተመለከቱት በሕጻናት ላይ የሚፈጸሙ ጥቃቶችም፣ በግል አቤቱታ የሚያስከስሱ ስላልሆኑ ተበዳይዋ ስለታረቀች አይቀሩም። ክሱ የመንግሥት ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹን የላከው ወገን ጠበቃ ግን ያውቃል። ወረቀቷ የምትፈለገው ለሌላ ሥራ ነው። «በስሜት» የምትለዋ ቃል ተከላካይ ጠበቃው እጅ ውስጥ ትገባለች። የፈረሙት ሦስቱ ሰዎች የመከላከያ ምስክር ሆነው ይቆጠራሉ። ለካሳ ተብሎ የተሰጠ ገንዘብ ካለ ደግሞ «ድሮም ገንዘብ ፈልጋ ነው» የሚል ክርክር ይነሣበታል። ስለዚህ ሽምግልናው ላይ የሚቀመጥ የሷ ወገን የሆነ ሰው አንድ ነገር ብቻ ቢያስከብር ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ምንም ወረቀት አይፈረም። የተፈረመም ካለ የት፣ መቼ፣ እነማን ባሉበት፣ ምን ተብላ እንደፈረመች ሳይውል ሳያድር ለዐቃቤ ሕጉ በጽሑፍ ይሰጥ። ከመከላከያ ማስረጃው በፊት መዝገቡ ውስጥ ከገባች ያቺው ወረቀት የማባበሉ ማስረጃ ትሆናለች። ዘግይታ ከወጣች ግን የሷ ውሸት ትመስላለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ቀጥሎ የሚመጣው ወጥመድ ነው። ሴትዮዋ ፈርታ ችሎት ላይ ቃሏን ታጥፋለች እንበል። ለፖሊስ የሰጠችው ቃል ይወጣና ሁለቱ ይነጻጸራሉ። ተከሳሹ በነጻ ሊሰናበት ይችላል፤ እሷ ግን በሐሰት መመስከር እስከ መጠየቅ ትደርሳለች። አስፈራሪው ሁለት ጊዜ አተረፈ ማለት ነው። ይህን በከፊል የሚከላከል መንገድ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 35 ላይ አለ፤ ክሱ መሰማት ከመጀመሩ በፊት ፍርድ ቤት የተሰጠውን ቃል መመዝገብ ይችላል። በተግባር የሚሠራበት አብዛኛውን ጊዜ ለተጠርጣሪ የእምነት ቃል ነው። የተበዳይን ቃል ለማስመዝገብ የሚከለክል ነገር ግን የለም፤ ማስፈራሪያ ባለበት መዝገብ ላይ መርማሪዎችና ዐቃቤ ሕጎች ገና በመጀመሪያው ሳምንት ቢጠቀሙበት ብዙ መዝገብ ይተርፋል። በዳኛ ፊት የተሰጠ ቃል ጣቢያ ውስጥ ከተጻፈ ቃል ይልቅ ይከብዳል። አስፈራሪውም ቃሉ አንዴ እንደተያዘ ሲያውቅ የሚያተርፈው ይቀንሳል።

ለፖሊስ ቃል ሲሰጥም ቢሆን የተጻፈው ተነብቦላት፣ ቀን ተጽፎበት፣ ከዚያ በኋላ ነው የምትፈርመው። ይህ በሕጉ የሰፈረ ግዴታ ነው። «ያው ያልሽው ነው፣ ፈርሚ» ሲባል «አንብቡልኝ» ማለት ትችላለች። ችሎት ላይ የሚነሡባት ልዩነቶች ብዙዎቹ ከፍርሃት የመጡ እንኳ አይደሉም፤ ጸሐፊው በችኮላ ካሳጠረው ቃል የመጡ ናቸው። «ማታ» ያለችው «ከምሽቱ 2 ሰዓት» ሆኖ ይጻፋል፤ ከዓመት በኋላ «ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ» ስትል ዋሸች ትባላለች።

አሁን ወደ ዋስትናው እንምጣ፤ የማስፈራሪያ መመዝገብ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ሲቆጥር ተጠርጣሪው ምስክር የሚያባብል ወይም ማስረጃ የሚያጠፋ መስሎ ከታየ የሚለውን በግልጽ አስቀምጧል። ሕጉ አለ። የሚጎድለው ማስረጃው ነው። መርማሪው በጊዜ ቀጠሮ ችሎት ቆሞ «ቢወጣ ምስክሮችን ያስፈራራል» ይላል። ዳኛው «በምን አወቅህ?» ሲሉት የሚያቀርበው የለውም፤ ዋስትናው ይፈቀዳል። በዚያው ጠዋት ተበዳይዋ ስልክ ውስጥ ሰባት የዛቻ መልእክት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ማንም ስላልጠየቃት ችሎቱ አልደረሰም።

ስለዚህ የጊዜ ቀጠሮው ቀን ከመድረሱ በፊት አንዲት ገጽ ጽፎ ለመርማሪውና ለዐቃቤ ሕጉ መስጠት ያስፈልጋል። በገጿ ላይ የሚሰፍረው ማን እንዳስፈራራ፣ ከተጠርጣሪው ጋር ያለው ዝምድና ወይም ግንኙነት፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የተባለው ነገር በራሱ ቃል፣ ማን እንደሰማ፣ በስልክ ከሆነም ቁጥሩ ነው። የተባለው ነገር ቃል በቃል ይጻፍ፤ «ዛተብኝ» ብቻ አይበቃም። «ልጅሽ ስንት ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደምትወጣ አውቃለሁ» የሚል አረፍተ ነገር ስድብ የለበትም፣ እገድልሻለሁ የሚል ቃልም የለበትም፤ ዳኛ ግን ሲያነበው ይገባዋል። የተጠርጣሪው ወንድም ወይም ጓደኛ ሲሆን ግንኙነቱን የሚያሳይ ነገር ማያያዝ ወሳኝ ነው፤ ያለዚያ ተጠርጣሪው «እኔ ታስሬ ነበር፣ ምን አውቃለሁ?» ይላል። ዋስትናው ተፈቅዶ ከሆነም ነገሩ አላለቀም። በአንቀጽ 74 መሠረት ዋስትና ሲፈቀድ ያልታወቀ አዲስ ነገር ከተገኘ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እንደገና ማየት፣ አዲስ ዋስ ማስጠራት፣ ወደ እስር እንዲመለስም ማዘዝ ይችላል። ከተፈታ በኋላ የተላከች አንዲት መልእክት አዲስ ነገር ናት።

በስልክና በማኅበራዊ ሚዲያ የሚመጣውን ማስፈራሪያ በተመለከተ ማስረጃው የሚጠፋው ብዙ ጊዜ በተበዳይዋ በራሷ እጅ ነው፤ ይህም የሚሆነው ማንም አስቀድሞ ስላልነገራት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ቴሌግራም ላይ መልእክት ይገባል። ታነበዋለች፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ታግደዋለች፣ ታጠፋዋለች። ጠዋት ለፖሊስ የምታሳየው የለም። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ላኪው ራሱ መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ ማጥፋት ይችላል፤ ጊዜ አይገድበውም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ መጀመሪያ ስክሪንሾት፣ ቀጥሎ ለምታምነው ሰው መላክ፣ እገዳው መጨረሻ ላይ። ስክሪንሾቱ ጽሑፉን ብቻ የያዘ ከሆነ ክርክር ያስነሣል። የላኪውን ስም፣ ስሙን ሲነኩት የሚከፈተውን ገጽ ከነስልክ ቁጥሩ ወይም ከነመለያ ስሙ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በተከታታይ ምስል ይያዝ። ምስሉ አይቆረጥ፣ ምልክት አይደረግበት። ሰውየው መለያ ስሙን በአንድ ደቂቃ ሊቀይረው ስለሚችል የቀየረበትንም ምስል መያዝ ይጠቅማል። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ቴሌግራም ሙሉ የመልእክት ልውውጡን ከነቀኑ አውጥቶ ማስቀመጫ አለው፤ ከ20 ስክሪንሾት ያ አንዱ ፋይል ይሻላል። የድምፅ መልእክት በስክሪንሾት አይያዝም፣ ፋይሉ ራሱ ይቀመጥ። የቲክቶክ ቀጥታ ስርጭት ከተዘጋ ላይገኝ ስለሚችል እየተላለፈ ሳለ ስክሪን መቅዳት ነው። ፌስቡክ ላይ የተጻፈን ነገር ከምስሉ ሌላ ሊንኩን መገልበጥ ያስፈልጋል፤ በተመሳሳይ ስምና ፎቶ አሥር ሰው ሊኖር ይችላልና።

ስልኩ ራሱ አይሸጥ፣ አይቀየር፣ ወደ ፋብሪካ ሁኔታው አይመለስ። የጥሪ ዝርዝር ከኢትዮ ቴሌኮም የሚገኘው በፖሊስ ወይም በፍርድ ቤት ጥያቄ ስለሆነ ጥያቄው በጊዜ መቅረብ አለበት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ነው የሚያስገድደው። ቀጠሮ በቀጠሮ ዓመት ያለፈበት መዝገብ ይህን በር ራሱ ዘግቶታል።

አጥቂው የቀድሞ ባል ወይም ጓደኛ ከሆነ ደግሞ ከመልእክቱ በፊት የሚታይ ነገር አለ። የት እንደነበረች፣ ከማን ጋር እንዳወራች እያወቀ ከመጣ ስልኳ ውስጥ ነው ያለው። ቴሌግራም ላይ «መሣሪያዎች» የሚለውን፣ ዋትሳፕ ላይ «የተገናኙ መሣሪያዎች» የሚለውን ከፍቶ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የማታውቀው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ካለ ምስሉን ይዛ ታስወጣው፣ ከዚያ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ታብራ። ስልኩን ከፍቶ የሰጣት እሱ ከነበረ የጂሜይል የይለፍ ቃሉንም ያውቀዋል፤ ስለዚህ የይለፍ ቃሉን የምትቀይረው ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ሆና ነው። የራቁት ምስል እለቃለሁ የሚል ማስፈራሪያ ሲመጣ ገንዘብ መክፈል አያቆመውም፤ አንዴ የከፈለች እንደገና እንደምትከፍል ስለሚያውቁ ይመለሱባታል። ዕድሜዋ 18 የሞላ ከሆነ ስቶፕ ኤንሲአይአይ የሚባለው አገልግሎት ምስሉ ከስልኳ ሳይወጣ የምስሉን የቁጥር አሻራ ብቻ ወስዶ ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ቲክቶክን ለመሳሰሉ ተሳታፊዎች ያስተላልፋል፤ እነሱ ምስሉ ሲጫን ያግዱታል። ከ18 ዓመት በታች ላሉት ደግሞ ቴክ ኢት ዳውን የሚባል ተመሳሳይ አገልግሎት አለ።

ሕጉ ራሱ ግን ያልተስተካከለ ነው፤ ይህን ሕግ አውጪዎች እንዲያዩት እንፈልጋለን። ፊት ለፊት የሚደረግ ማስፈራራት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 580 የሚታይ ሲሆን ቅጣቱ ከ500 ብር በማይበልጥ መቀጮ ወይም ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት ነው። ያውም በግል አቤቱታ፤ አቤቱታው በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ መብቱ ያልፋል። ያው ዛቻ በቴሌግራም ከተላከ ግን በአዋጅ 958 አንቀጽ 13 እስከ ሦስት ዓመት ቀላል እስራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ተደጋጋሚ መልእክት በመላክ ሥነ ልቦናዋን ማስጨነቅ ደግሞ ከዚያም ይከብዳል። በሯ ላይ ቆሞ የሚዝት ሰው ከሩቅ ሆኖ ከሚጽፈው ያነሰ አደገኛ ነው ያለው ማን ነው? ለፖሊስ የምታመለክት ሴት እነዚህን ሁለት መንገዶች ብታውቅ ይጠቅማታል፤ በአካልም በስልክም ዛቻ ከደረሰባት የስልኩ በአዋጅ 958 እንዲታይ በስሙ ጠቅሳ ትጠይቅ።

የምስክሮች ጥበቃም ቢሆን አለ፤ የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። ማንነትን መደበቅ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ወይም በዝግ ችሎት መመስከር፣ ተከሳሹ ወደ መኖሪያዋና ወደ ሥራ ቦታዋ እንዳይደርስ መከልከል፣ ሌላ ቦታ ማዛወር፣ ሕክምናና የመተዳደሪያ ድጋፍ ሁሉ በውስጡ አለ። ማመልከቻው በቃልም በጽሑፍም ይቀርባል። ግን ወንጀሉ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በጽኑ እስራት የሚያስቀጣ መሆን አለበት። አስገድዶ መድፈር መነሻው አምስት ዓመት ቢሆንም ጣሪያው 15 ስለሆነ፣ አዋጁም መነሻውን አይቶ ስለማይከለክል፣ ያሟላል። ይህን እያወቁም «መነሻው አምስት ነው» ብለው የሚመልሱ አሉና አዋጁን ይዞ መከራከር ነው። ባሏ የደበደባት ሴት ግን ጉዳቱ ቀላል የአካል ጉዳት ተብሎ በአንቀጽ 556 ከተያዘ ከጥበቃው ውጭ ናት። አብሯት ከሚኖር፣ ቁልፍ ካለው ሰው የሚጠብቃት ነገር ነበር በይበልጥ የሚያስፈልገው። በሌሎች ብዙ አገሮች ያለው፣ አጥቂው ከቤት እንዲወጣና እንዳይቀርብ በፍትሐ ብሔር የሚሰጥ የጥበቃ ትእዛዝ ራሱን ችሎ በእኛ ሕግ ውስጥ የለም። ክፍተቱ ይህ ነው፤ ለእኛ አንደኛው ጥያቄም ይኸው ነው።

ታሪኳን ራሷ ጽፋ ለማውጣት ለምትነሣ ሴት ደግሞ ማስፈራሪያው በጠበቃ ማኅተም ይመጣል። «ስም በማጥፋትዎ በአምስት ቀን ውስጥ ይቅርታ ካልጠየቁ» የሚል ማስጠንቀቂያ። ደብዳቤው ክስ አይደለም፤ ፈርታ የምትጽፈው ይቅርታ ግን ማስረጃ ነው። ስለዚህ የሕግ ምክር ሳታገኝ መልስ አትስጥ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋትን ወደ ፍትሐ ብሔር ተጠያቂነት ወስዶታል። በግል የፌስቡክ ገጿ የጻፈችው ግን አሁንም በአዋጅ 958 እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ ያስጠይቃል። አንድ ታሪክ ጋዜጣ ላይ ሲወጣና ገጿ ላይ ሲወጣ የሚያመጣው ጣጣ ይለያያል ማለት ነው። በወንጀል ሕጉ መሠረት የተባለው እውነት መሆኑንና ዓላማዋም የሕዝብ ጥቅም እንጂ ስም መጉዳት አለመሆኑን ማስረዳት መከላከያ ይሆናታል፤ ስለዚህ አጻጻፏ ዋጋ አለው። በእሷ ላይ የሆነውን፣ በአንደኛ መደብ፣ ከነቀኑ ትጻፍ። «ስንቱን አበላሽቷል» የሚል፣ ራሷ ያላየችውን የሚጨምር አንድ ዓረፍተ ነገር እውነተኛውን ገጽ ሁሉ ይዞባት ይወድቃል። የሕክምና ማስረጃውና የፖሊስ መዝገብ ቁጥሩ ከመታተሙ በፊት እጇ ላይ ይሁን።

ማስፈራራቱ ለተበዳዮች ለሚናገሩትም ይተርፋል። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር የአንዲት ወጣት ጉዳይ በአግባቡ አልተያዘም ብሎ የፍትሕ አካላትን በአደባባይ ከወቀሰ በኋላ በ1993 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ ታግዶ፣ የባንክ ሒሳቡም ተይዞ ነበር። እገዳው የተነሣው ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ ማኅበር ነው የጠላፊው ጋብቻ ከቅጣት የሚያድንበት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ እንዲሰረዝ ከታገሉት አንዱ። በእገዳው ሳምንታት በሩን አንኳኩተው የተመለሱ ሴቶች ምን እንደተማሩ ለመገመት አይከብድም።

ከዓረብ አገር የሚመለሱ እህቶቻችንም ከዚሁ አይርቁም። በሳዑዲ አሠሪዋን የከሰሰች ሠራተኛ በምላሹ «ሁሩብ» ትባላለች፣ ከሥራ ጠፍታለች ተብላ ትመዘገባለች፤ ወይም በስርቆት ትከሰሳለች። አገር ቤት ደግሞ ደላላው ቤተሰቧ ደጅ ይመጣል፤ ዕዳው አለ። ከመሄዷ በፊት የውሉንና የፓስፖርቱን ፎቶ እዚህ ለሚቀር ሰው ትታ የሄደች ሴት የምትይዘው ነገር ይኖራታል።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ጋዜጠኞቹ እንመለስ። የተበዳይዋን ስም አለመጻፋችሁን እናደንቃለን፤ ግን አይበቃም። አንዱ ጋዜጣ ወረዳውን ይጽፋል፣ ሌላው ዕድሜዋንና የክፍል ደረጃዋን፣ ሦስተኛው አባቷ በምን ሥራ እንደሚተዳደር። ሦስቱን ያነበበ የሰፈር ሰው ልጅቷን ያውቃታል። ተጠርጣሪው አባት ወይም አጎት ሲሆን የሱን ስም መጻፍ የሷን መጻፍ ነው፤ ወይ ስሙ ይቅር ወይ ዝምድናው ይቅር። በቪዲዮ ፊትን ማደብዘዝ ብቻ ከንቱ ነው፤ ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ጉትቻዋ፣ የእጇ ንቅሳት ይናገራል። ድምፅን ማወፈር ወይም ማቅጠን ብቻውን አይታመንም፤ ጠንቅቆ ለሚያውቅ ሰው ወደነበረበት መመለስ አይከብደውም፤ ቃሏን ሌላ ሰው ቢያነበው ይሻላል። ፈቃድ አንዴ ተጠይቆ የሚያበቃ አይደለም፤ ከመታተሙ አንድ ቀን በፊት እንደገና ትጠየቅ፣ የሚወጣበት ቀንና ሰዓትም ይነገራት። ያን ቀን ሌላ ቤት ማደር ትፈልግ ይሆናል። ጥሬው ቅጂ የይለፍ ቃል ባለው ቦታ ይቀመጥ፣ የጋራ ኮምፒውተር ላይ አይተው። ዘገባው ሥር የሚጻፈውን አስተያየት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት መዝጋት ትችላላችሁ፤ ማንነቷን የሚገምተው የመጀመሪያው አስተያየት ከወጣ በኋላ ማጥፋቱ ዋጋ የለውም።

እባካችሁ እነዚህን ሁለት የስልክ መስመሮችም ከዘገባዎቻችሁ ሥር አትሙ፤ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር 7711፣ የሴታዊት አለኝታ መስመር 6388። ስልኳ በሌላ ሰው የሚፈተሽባት ሴት ቁጥሮቹን በልብስ ሰፊ ወይም በጋዝ ሻጭ ስም ብትመዘግብ፣ ከደወለች በኋላም ከጥሪ ዝርዝሩ ላይ ብታጠፋቸው፣ አልያም ከጎረቤት ስልክ ብትደውል ይሻላታል።

ከጥቃት ለተረፉ ሰዎች የሕግና የሥነ ልቦና ድጋፍ የምንሰጥ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ